ትንፍሽ እንዳትሉ

ስሜ ሌላ ነው። ድንጋይ ቤቱ ውስጥ ግን የሚጠሩኝ «ትንፍሽ» እያሉ ነው። አፌን የምከፍትበት ቀን ስለማይገኝ «ይኼ ልጅ እኮ ትንፍሽ አይልም» ሲሉ ሲሉ ስሙ ተጣብቆብኝ ቀረ። ያወጣልኝ ሬዲዮ ነው። እሱ ራሱ ሬዲዮ የተባለው ከጠዋት እስከ ማታ ስለማይዘጋ ነው። እኔ ማውራት፣ እሱ ደግሞ ዝም ማለት ስለማንችል አንድ ድንጋይ ግራና ቀኝ ይዘን ስንሠራ በጣም እንስማማለን።

የምንሠራው የወጥ ቤት ጠረጴዛ የሚሆን ድንጋይ ነው። ከተራራ የተፈለጠ አይደለም፤ የተፈጨ ድንጋይ በሙጫ ተጋግሮ እንደገና ጠፍጣፋ የሆነ ነው። እኔ እቆርጣለሁ፤ ታላቅ ወንድሜ ያለሰልሳል። እሱን «መስታወት» ይሉታል። ያለሰለሰው ድንጋይ ላይ ጎንበስ ያለ ሰው ፊቱን እያየ ጺሙን መላጨት ይችላል። እኔ ግን የምጠራው ጋሼ ብዬ ነው። ያሳደገኝም፣ እዚህ ሥራ ያስገባኝም እሱ ነው።

ግራይንደሩ ድንጋዩን ሲነካ ነጭ ብናኝ ቦግ ብሎ ይነሳል። ለምሳ ስንወጣ አሥራ አንዳችንም ሽማግሌ እንመስላለን፤ ቅንድባችን ሳይቀር ይነጣል። መቁረጫው ማሽን ላይ የውሃ ቱቦ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ቱቦው ግን እኔ ሳልቀጠር በፊት ተነቅሏል። ውሃ ካለ ሥራ ይንቀራፈፋል፣ ወለሉም ይጨቀያል ተብሎ ነው።

ጋሼን ሳል የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ሲወጣ ብቻ ነበር፤ ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያስር፤ በኋላ ሲስቅ። ሲስቅ የሚያስለው ሲሆን መሳቅ ተወ። ሚስቱ፣ እኔ እትዬ የምላት፣ «እዚህ ቤት የሚስቅ ሰው ጠፋ» ብላ ገፍታ ወደ ድርጅቱ ክሊኒክ ላከችው። ሐኪሙ ጀርባውን አዳመጠና «አስም ነው» አለ። ወደ አፍ የሚነፋ መድኃኒት ሰጠው። ጋሼ ነፋ፣ ነፋ፣ ምንም ጠብ አላለለትም።

ከዚያ ወረቀቱ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ጋሼን ቢሮ ጠርቶ እንዲፈርም ሰጠው። ጋሼ ማንበብ እምብዛም ስለማይሆንለት አጥፎ ይዞልኝ መጣ። እኔም የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ግን ሳነብ ፊደል አልዘልም። ቀስ ብዬ አነበብኩለት።

«‹ሕመሜ ከሥራው በፊት የነበረ ነው› ይላል» አልኩት።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለውም። ከታች የፊርማ ቦታ ነው።»

ጋሼ ወረቀቱን አየው። «እዚህ ስገባ እኮ ይህን ድንጋይ በትከሻዬ ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ እወጣ ነበር» አለ።

ሕመሙ ከሥራው እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ የሚያሳይልን ግን አልነበረም። ከፈረመ በሽታውን ከቤቱ ይዞ እንደመጣ ሰው ይሸኛል፤ እኛም እዚያው ብናኝ ውስጥ እንቀራለን። ካልፈረመ ደግሞ «አስም ነው» የሚል የሐኪም ቃል አላቸው።

ዶክተሯ የመጣችው በዚሁ መሃል ነው። የሳንባ በሽታ ታጠናለች። ከምትሠራበት ሆስፒታል ደብዳቤ ይዛ መጥታ ድንጋይ ቆራጮችን መመርመር እንደምትፈልግ ስትነግረው ሥራ አስኪያጁ ፈቀደላት። አስም የሚለውን የምታጸናለት መስሎት ነበር።

በመጣችበት ጠዋት ካቦው ቀድሞ ግቢው ውስጥ አሰለፈን።

«የተጠየቃችሁትን ብቻ ትመልሳላችሁ» አለ። «ስለ ብናኝ፣ ስለ ውሃ ቱቦ፣ ትንፍሽ እንዳትሉ! ሰምታችኋል? ትንፍሽ!»

«አቤት» አልኩ እኔ፣ የተጠራሁ መስሎኝ። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።

ትንሽ ቆይታ ዶክተሯ ደረሰች። አጭር፣ ፈጣን ሴት ናት። በረዶ የሞላበት ሣጥን ከመኪናዋ አወረደችና ፊታችን ቆማ «ዛሬ ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው» አለች። «መተንፈስ።»

ሬዲዮ ካቦውን ዞር ብሎ አየው። «አለቃ፣ እንዴት እናድርግ?»

ካቦው ፊቱን አጨማደደ።

ዶክተሯ ምን እንደምትፈልግ አስረዳችን። ሰውነት የበላውን፣ የጠጣውንና የሳበውን እየሰባበረ ይጠቀማል፤ ሲሰባብር ጥቃቅን ትርፍራፊዎች ይቀራሉ። እነዚያ በትንፋሽ፣ በደምና በሽንት ይወጣሉ። በሺህ የሚቆጠሩትን በአንድ ጊዜ የሚለይ ማሽን አላት። የታመመ ሳንባ የሚያተርፈው ከጤነኛው የተለየ ነው፤ አስም የሚያተርፈውም ሌላ የሳንባ በሽታ ከሚያተርፈው ጋር አንድ ላይሆን ይችላል።

«ጥናቱ ሜታቦሎሚክስ ይባላል» አለች።

«ምን ቦሎ?» አለ ሬዲዮ። «እንደ መኪና ተመርምረን ቦሎ ልትለጥፉብን ነው?»

ዶክተሯ ከእኛ እኩል ሳቀች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከወለሉ ብናኝ በጣቷ አነሳች። «ይህ የየትኛው ድንጋይ ነው?» ብላ ጠየቀች።

ጋሼ ጠጋ ብሎ አየው። «ነጩ። ያ ባለ ሙጫው። ትናንት ከሰዓት የቆረጥነው።»

«በምን አወቅህ?»

«በብናኙ ነዋ! ድንጋዩ ቢሄድም ብናኙ ይናገራል።»

«እኔም የምሠራው ይህንኑ ነው» አለች። «የምሠራው ግን በሰው ብናኝ ነው።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ጋሼ ወደዳት።

የሚተነፈስበት ዕቃ አፍ ላይ የሚያዝ ቱቦ ነው። ዙሪያውን በረዶ አለው። ትንፋሽ ቅዝቃዜውን ሲነካ ጠል ሆኖ ይንጠባጠብና ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ይጠራቀማል። አንድ ሰው አሥር ደቂቃ መተንፈስ አለበት። ለማወዳደሪያ ዘበኞቹ፣ ሾፌሮቹና የቢሮ ሰዎች ይተነፍሳሉ፤ ሆስፒታል ያሉ የአስም ሕሙማንም በሌላ ቀን ተንፍሰዋል። ከዋዜማው ጀምሮ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። «በባዶ ሆድ ኑ፤ አታጭሱ፤ አፋችሁ ውስጥ ምንም ነገር አታስገቡ» ይላል።

እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ።

ዶክተሯ ቱቦውን የምትይዘው ከፊታችን አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቁጭ ብላ ነው። እኔ ከሴት ጋር ቀና ብዬ መነጋገር እንኳ የማልችል ሰው ነኝ። ጥርሴን ሳልቦርሽ፣ በባዶ ሆዴ፣ አሥር ደቂቃ ሙሉ ፊቷ ላይ ልተነፍስ? ላብ አጠመቀኝ። ኪሴ ውስጥ ሚንት ከረሜላ ነበረኝ። አንዱን ወደ አፌ ወረወርኩ። ከረሜላ «ምንም ነገር» መስሎ አልታየኝም። ፊደል አልዘልም ባይ፣ በዚያች ቀን ዘለልኩ።

ሬዲዮ ሸተተው። «አንተ! ብቻህን? እኔ ፊቷ ላይ ትናንት የበላሁትን ሽንኩርት ልልቀቅባት ነው? አምጣ!»

የከረሜላው ከረጢት በሰልፉ ዞረ። አሥራ አንዳችንም ለአክብሮት ስንል ሚንት መጠጥን። ዘበኞቹና ሾፌሮቹ በሌላ ሰልፍ ስለነበሩ አልደረሳቸውም።

በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ዶክተሯ ተመልሳ መጣች። ሥራ አስኪያጁና ካቦው ባሉበት ግቢው ውስጥ ሰበሰበችን። ፊቷ ደስ አይልም።

«አንድ ነገር በአሥራ አንዳችሁም ትንፋሽ ውስጥ ጎልቶ ወጥቷል» አለች። «በሌሎቹ ግን የለም። መጀመሪያ የምፈልገውን ያገኘሁ መስሎኝ ዘልዬ ነበር። በኋላ ምንነቱን ስለየው ሚንት ሆኖ ተገኘ። ሌላውን ጥቃቅን ነገር ሁሉ አለባብሶብኛል። ለምን እንደሆነ የሚነግረኝ አለ?»

ከካቦው ጀርባ ጋሼ ግድግዳ ተደግፎ ይተነፍሳል፤ ከሩቅ ይሰማል።

«ጥናቱ ተበላሸ ማለት ነዋ» አለ ሥራ አስኪያጁ። ድምፁ ውስጥ ሳቅ ነበረ። «የክሊኒካችን ሐኪም ቃል እንደጸና ነው። መስታወት፣ ያቺ ወረቀት እስከ አርብ ተፈርማ ትምጣ። ዶክተር፣ ስለ ድካምሽ እናመሰግናለን።»

ዶክተሯ ማስታወሻዋን ዘጋች። ልትሄድ ነው። ጋሼን አየሁት። መሬት መሬት ያያል። ይህ ሁሉ በእኔ ከረሜላ! አፌ ግን ተሳስሯል። ከዚያ ዓይኔን በጨው ታጥቤ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ሁሉም ዞረ።

«እኔ ነኝ ከረሜላውን ያከፋፈልኩት። አፌ ይሸታል ብዬ አፍሬ ነው።»

«ትንፍሽ ተነፈሰ!» አለ ካቦው እየሳቀ። «ጉድ ነው!»

እንደ ወትሮው ቢሆን እዚያው እሟሟ ነበር። ያን ቀን ግን ሳቁ ውስጤ የሆነ ነገር ጫረ።

«አዎ፣ ተነፈስኩ» አልኩት። «ገናም እተነፍሳለሁ። ዶክተር፣ ነገ ጠዋት ብንመጣስ? አፋችንን ሳንታጠብ፣ ምንም ሳንቀምስ። እንደገና ይወሰድልን።»

ዶክተሯ ቀና አለች። «በረዶውም ዕቃውም አለኝ። ነገ ይቻላል።»

«በእኔ ግቢ አይቻልም» አለ ሥራ አስኪያጁ። ሳቁ ጠፍቷል። «የሥራ ሰዓት ነው። አንዴ ፈቀድኩ፣ አበላሻችሁት፣ አበቃ።»

«እንግዲያው ከግቢው ውጭ» አለ ጋሼ ከግድግዳው ስር። ከተናገረ በኋላ ብዙ አሳለው። ሳሉ ሲበርድለት ቀጠለ። «ከበሩ ውጭ ያለው መንገድ ያንተ አይደለም።»

በማግሥቱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሥራ ሊገባ ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ አሥራ አንዳችንም ከበሩ ውጭ ነበርን። በአጥሩ ጥግ የተሰባበሩ ድንጋዮች ተጥለዋል፤ እነሱ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ዶክተሯ የመኪናዋን ኋላ ከፍታ ዕቃዋን ዘረጋች። ረዳት አላት፤ ሦስት ሦስት ሆነን እንተነፍሳለን። መንገድ የሚያልፉ ሰዎች ቆም ብለው ያዩናል። ጥግ ላይ ተሰልፎ ቱቦ የሚጠባ ወንድ ሁሉ ምን እንደመሰላቸው እንጃ።

«ዶክተር፣ አስቀድሜ ልናገር» አለ ሬዲዮ ቱቦውን ሲቀበል። «ከትናንት ማታ ጀምሮ ይህን አፍ ውሃ አልነካውም። ማሽንሽ ከሞተ ተጠያቂ አይደለሁም።»

«እንዲህ ያለውን ነው የምፈልገው» አለችው።

የእኔ ተራ ሲደርስ ፊቷን እያየሁ ተነፈስኩ። አሥሩንም ደቂቃ። አላፈርኩም ብል ውሸት ነው፤ ጆሮዬ ግሎ ነበር። ግን ዓይኔን አልነቀልኩም።

የመጨረሻው ጋሼ ነበር። ሁለት ደቂቃ ተንፍሶ በሳል ተዋጠ። ዶክተሯ ቱቦውን ልትቀበለው እጇን ስትዘረጋ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። አረፈ፣ ቀጠለ፣ አሳለው፣ አረፈ፣ ቀጠለ። እትዬ ከየት እንደመጣች ሳላያት ከኋላው ቆማ ጀርባውን ይዛለች። በዚህ መሃል የግቢው በር ተከፈተና ካቦው ወጣ።

«ምንድን ነው ይኼ ሰርከስ? ትንፍሽ እንዳትሉ አላልኩም?»

ጋሼ ቱቦውን ከአፉ አላወጣም። እኔ ተነሳሁ።

«ልንተነፍስ ነው የመጣነው» አልኩ።

«ከሥራ ትባረራለህ!»

«ሥራ የሚገባው በሁለት ሰዓት ነው። ገና አሥር ደቂቃ አለን።»

እትዬ ግን እንደ እኔ በጨዋ ቋንቋ አልመለሰችም። «አፍንጫህን ላስ!» አለችው። ካቦው ኩም ብሎ ገባ። የጋሼ ብልቃጥ ለመሙላት ሃያ ስድስት ደቂቃ ወሰደ። ስድስት ደቂቃ አሥራ አንዳችንም አረፈድን። ማንም ጥሎት አልገባም።

አርብ ደረሰ። ጋሼ ወረቀቱን ሳይፈርም መለሰ። ሥራ አስኪያጁ መታወቂያውን ተቀብሎ ከበሩ እንዳይገባ ለዘበኞቹ ነገራቸው። ጋሼ በየጠዋቱ ግን እኔን ሸኝቶ አጥሩ ሥር በዚያ የተሰበረ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ ነበር። «ቤት ከምጋደም የማሽኑን ድምፅ ልስማ» ይላል። ካቦው ሲወጣና ሲገባ ያየዋል። ጋሼም ያየዋል።

ዶክተሯ በዘጠነኛው ቀን መጣች። ግቢ አልገባችም። በምሳ ሰዓት አጥሩ ሥር ተቀምጣ ነገረችን።

«ሚንቱ የለም» አለች፤ ትንሽ ፈገግ አለች። «አሁን የእናንተ ራሳችሁ ነው የወጣው። መስታወት፣ የአንተ ትርፍራፊ ከአስም ሕሙማኑ ጋር አልገጠመም። የሌሎች ሦስት ሰዎችም አልገጠመም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይህ ገና ጥናት ነው። በትንፋሽ ብቻ ‹በሽታው ይህ ነው› ብዬ አልፈርምም። የት መፈለግ እንዳለብን ግን ይጠቁመናል። አራታችሁም ነገ ሆስፒታል መጥታችሁ ደረታችሁ በሲቲ ስካን ይነሳል።»

ተነሳ። ምስሉን ዶክተሯ ለጋሼ ስታሳየው አብሬው ነበርኩ። ጥቁር መሆን ያለበት ሳንባ ውስጥ ነጫጭ ነጠብጣቦች ተበትነዋል፤ ላይኛው ጫፍ ላይ ደግሞ ተያይዘው ደድረዋል። ጋሼ ረጅም ጊዜ አየው።

«አወቅሁት» አለ። «ነጩ ነው። ባለ ሙጫው።»

የገባው ብናኝ አይወጣም፤ የደደረውም አይለሰልስም። ዶክተሯ አልደበቀችውም። ካሁን በኋላ ወደ ብናኙ እንዳይመለስ፣ የቀረውን ሳንባ እንዲጠብቅ ነገረችው። ከሦስቱ ሰዎች ሁለቱ ጀማሪ ጠባሳ ተገኘባቸው። አንዱ ሬዲዮ ነው። ሬዲዮ ከሆስፒታሉ እስከ ሰፈራችን ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም። ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘጋ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ጋሼና እኔ የሆስፒታሉን ደብዳቤ ይዘን ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባን። ዘበኛው ሊያግደን ነበር፤ ደብዳቤውን አሳየሁት፣ እሱም የተነፈሰ ሰው ነውና በሩን ለቀቀልን። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን አንብቦ ገለበጠው። ከመሳቢያው ያቺን ወረቀት አወጣ።

«ነገሩን አታክብዱት» አለ ድምፁን አለስልሶ። «ፈርምና በሰላም እንለያይ።»

ጋሼ ወረቀቱን ለእኔ ሰጠኝ። እስክሪብቶ ከጠረጴዛው አነሳሁ። ያቺን መስመር አንዴ፣ ሁለቴ አነበብኳት። «ሕመሜ ከሥራው በፊት የነበረ ነው።» «በፊት የነበረ» የሚለውን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰረዝኩ። ከላዩ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አስተካክዬ፣ «የመጣ» ብዬ ጻፍኩ። ለጋሼ አነበብኩለት።

«ሕመሜ ከሥራው የመጣ ነው።»

«አሁን እፈርማለሁ» አለ ጋሼ። ፈረመ። በስልኬ ፎቶ አነሳሁት።

ሥራ አስኪያጁ ብድግ አለ። «ይህ ሰነድ ነው! ማን ፈቀደልህ?»

«ስህተት ነበረበት» አልኩት። «አረምኩት።»

ከቢሮው ስወጣ ግቢው ውስጥ ሬዲዮና ሌሎቹ ጓንታቸውን እንዳጠለቁ ቆመው ነበር። ሁለት ሰዓት ሆኗል። ካቦው እጁን አጨበጨበ።

«ማሽን አስነሱ!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሁሉም እኔን ያያሉ። ሬዲዮ እንኳ። እሱ ለሁሉም ነገር የሚለው አያጣም፤ ያን ቀን ግን ጣቱን ደረቱ ላይ አድርጎ ጠበቀኝ።

«ውሃው ይምጣ» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«ቱቦው ይግባ። ያለ ውሃ አንቆርጥም።»

«ቦሎ ሳይለጠፍ አይነዳም» አለ ሬዲዮ። ድምፁ ተመለሰ፤ ሰውም ሳቀ።

ካቦው ወደ ቢሮው መስኮት አየ። ከመስኮቱ መልስ አልመጣም። አሥር ደቂቃ ቆምን። አንድ ሰው በበረዶ ላይ እስኪተነፍስ የሚወስደውን ያህል። ከዚያ ካቦው እየተነጫነጨ ወደ ዕቃ ቤት ሄዶ አቧራ የጠጣ ቱቦ ተሸክሞ ወጣ። ራሴ ቀዳዳው ውስጥ አስገባሁት። ውሃው መጀመሪያ እየተንተፋተፈ ዝገት ተፋ፣ ቀጥሎ ጠራ።

መቁረጫውን አስነሳሁ። ድንጋዩን ሲነካ የወትሮው ጩኸት አልወጣም፤ ለስለስ ያለ ድምፅ ወጣ። ነጩ ደመና አልተነሳም። ብናኙ ጭቃ ሆኖ እግሬ ሥር ወረደ።

ጋሼ አጥሩ ሥር፣ የተለመደው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ድምፁ ከተለመደው እንደተለየ ወዲያው ገባው። በክፍቱ በር አየሁት። መሳቅ ጀመረ። አሳለው። አረፈና እንደገና ሳቀ።